እንዶድ፦ ከሙቀጫ እስከ ፓተንት

ደብረ ታቦር ሄዳችሁ «የከተማዋን የቴክኖሎጂ ታሪክ አሳዩኝ» ብትሉ የምትወሰዱበት ቦታ አንድ ነው፤ ጋፋት። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ከስብከት ይልቅ ወደ እቶን የመሯቸው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራውም እዚያው ነው። ጋፋትን አልነካም። ክብሩ ይገባዋል፤ ተተርኮለታል፣ ተዘምሮለታል፣ የመድፉ ቅጂም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። ግን ያ ሁሉ ብረት ሲቀልጥ፣ በጥቀርሻ የጠቆረው የሠራተኞቹ ጋቢና ኩታ በምን ይታጠብ እንደነበር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

መልሱ ከአጥሩ አይርቅም። እንዶድ ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ተክልና ተክሉን ይዞ ሠላሳ ዓመት ስለተንከራተተ አንድ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ነው። ታሪኩ አድዋ ወንዝ ዳር ይጀምራል፣ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ይገባል፣ ካሊፎርኒያን፣ ሎዛንን፣ ኦታዋንና ኦሃዮን ይዞራል። መጨረሻ ላይ ግን ወደ ጉና ተራራ ሥር ይመልሰናል፤ ለምን እንደሆነ ስንደርስ ታያላችሁ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰነዱ ሁሉ በእነሱ ስለተጻፈ ነው እንጂ አውሮፓዊነት አምሮኝ አይደለም።)

በመጀመሪያ ስለ ተክሉ፣ በተለይ ሳሙና ከሱቅ ብቻ ለሚመስለን የከተማ ልጆች። እንዶድ በደጋውና በወይና ደጋው በየጥሻው፣ በየአጥሩ የሚንጠላጠል ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው በረጅም ዘለላ ተደርድሮ ይወጣል። ሳይበስል በአረንጓዴነቱ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ አረፋውን ማየት ነው።

ደብረ ታቦር ያለችው አያቴ ጋቢዋን ዛሬም በኦሞ ማሳጠብ አትወድም። «ኦሞ ጥጡን ይበላዋል» ባይ ናት። ስትነክረው አይቻለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ታደርግበትና ዝም ብላ ትተወዋለች። ለምን ወዲያው እንደማታጥብበት ስጠይቃት «ይስከን እንጂ፣ ምን ያጣድፈኛል?» አለችኝ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት አገር ነጭ ልብስ ቀልድ አይደለም። ያቺን «ይስከን እንጂ» ያዙልኝ፤ በኋላ የስዊዘርላንድ ኬሚስቶች ይመጡባታል።

አሁን ትንሽ ኬሚስትሪ። አትሽሹ፣ አጭር ነው።

ካታሊስት ማለት አንድን ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ነገር ነው። እንደ አገር ሽማግሌ አስቡት። ሁለት ሰዎችን ያገናኛል ወይም ያፋታል፣ ከዚያ ዱላውን ይዞ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ይሄዳል። በ1833 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ፓየንና ፔርሶ፣ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ነገር ለይተው አወጡ። ከምን መሰላችሁ? ከብቅል። አዎ፣ ጠላ ከሚጠመቅበት ብቅል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስዊድናዊው ቤርዜሊየስ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ «ካታሊሲስ» የሚለውን ስም ሰጠው። ሕይወት ባላቸው ነገሮች ውስጥ የሚገኙትን ካታሊስቶች ዛሬ ኢንዛይም እንላቸዋለን።

«አረንጓዴ» የሚለው ቅጽል የመጣው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። በ1998 ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኬሚስቶች የአረንጓዴ ኬሚስትሪን 12 መርሆዎች በመጽሐፍ አወጡ። ከአሥራ ሁለቱ ለዛሬ ጉዳያችን የሚያስፈልጉን አምስት ናቸው። ጥሬ ዕቃህ ተመልሶ የሚበቅል ይሁን፤ ማሟሚያህ መርዝ አይሁን፤ በክፍል ሙቀት መሥራት ከቻልክ እሳት አታባክን፤ በካታሊስት ተጠቀም፤ የሠራኸው ነገር ሥራውን ሲጨርስ ተፈጥሮ ውስጥ ይፍረስ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ስም የምርምር ቡድን ያቋቁማሉ፣ ገንዘብ ያፈላልጋሉ። የእኛዎቹ ወደ ሥራው የገቡት ስሙ ገና ሳይወጣለት ነበር።

በ1964 አክሊሉ ለማ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው የተመለሱ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ተመራማሪ ነበሩ። የሚያሳድዱት ጉዳይ ቢልሃርዚያ ነው። ተውሳኩ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ይወጣና ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አንጀትንና ጉበትን ያደቃል። የሚበረታው በሕፃናት ላይ ነው፤ ውሃ ያየ ልጅ የማይገባበት ጉድጓድ የለምና። ቀንድ አውጣው ከሌለ ተውሳኩ መሸጋገሪያ የለውም። ስለዚህ አክሊሉ ቀንድ አውጣዎች የት የት እንዳሉ ለማጥናት አድዋ ወንዝ ዳር ወረዱ።

አንድ ቦታ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። ቀና ሲሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ብዙዎቻችን ብንሆን ማስታወሻ ይዘን እናልፍ ነበር። እሳቸው ግን ከላይኛው የወንዙ ክፍል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ለቀሙ፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን ጥቂት አረፋ ለመኗት፣ አንድ ላይ አደረጓቸው። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው ሞቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህ ታሪክ ሲተረክ ሁለት ዓይነት ማጋነን አለበት። አንደኛው ሁሉን ነገር ለምሁሩ ይሰጥና ሴቶቹን የዳር ሥዕል ያደርጋቸዋል። ሁለተኛው ደግሞ በተቃራኒው «እናቶቻችን ድሮም ያውቁት ነበር» ይላል። ሁለቱም አይገባኝም። ሴቶቹ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አወቁም አላወቁም፣ ሥራቸው ልብስ ማንጣት ነበር። ግን መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ በምን እንደሚነከር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ ዕውቀት ከግኝቱ ግማሹ እንደሆነ የታወቀው ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው። አክሊሉን ታላቅ የሚያደርጋቸው ደግሞ ቆመው መጠየቃቸው፣ ጠይቀውም እዚያው መፈተናቸው ነው።

ውጤቱ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ መሥራቹ አክሊሉ ናቸው፣ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ስለ ምርምር ቡድን ስናስብ ነጭ ካፖርትና የሚጨስ ብልቃጥ ይታየናል። የዚህ ቡድን ውሎ ግን ለፊልም አይመችም። ቀንድ አውጣ ማርባት። ቀንድ አውጣ መመገብ። ፍሬ መውቀጥ፣ መመዘን፣ መበጥበጥ፣ ማቅጠን፣ እንደገና ማቅጠን። ቀንድ አውጣዎቹን ብጥብጡ ውስጥ አንድ ቀን ማቆየት፣ ወደ ንጹሕ ውሃ ማዛወር፣ ማግስቱን የሞተውን ከሕያው ለይቶ መቁጠር። ከዚያ በሌላ መጠን ያንኑ መድገም። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት አሥር ሚሊግራም ፍሬ ለመግደል እንደሚበቃ የታወቀው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነው። መድኃኒቱ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ውሃ ውስጥ ኃይሉን እንደሚያጣም ታወቀ። ለፋብሪካ ይህ ጉድለት ነው፣ ቶሎ የሚበላሽ ሸቀጥ። ለወንዝ ግን በረከት ነው።

ከዚያ ትልቁ ሥራ መጣ። ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት ቡድኑ አድዋ ላይ ሰፈረ። የአካባቢው ፍሬ ተወቅጦ በየወንዙ ይጨመራል፣ የነዋሪው ሰገራ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ሲጀመር ከነዋሪው 63 በመቶው ቢልሃርዚያ ነበረበት። ሲያበቃ 33 በመቶ ሆነ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ያሉ ሕፃናት ላይ የታየው ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ መውረድ ነው። ይህን ቁጥር ሁለቴ አንብቡት። እነዚህ በጥናቱ ዘመን የተወለዱና ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ የአዲስ ኢንፌክሽን መለኪያ እነሱ ናቸው። በመድኃኒት ሳይሆን በአጥር ላይ ፍሬ።

1974 ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አልነግርም። አብዮቱ ፈነዳ፣ የአድዋው ጥናት ተቋጨ። አክሊሉም በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራ ሄዱ። ቡድኑ ግን አልፈረሰም። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እንዶድን ከጥሻ ወደ ማሳ የማምጣቱን ሥራ ያዙ። ከየቦታው 65 ያህል ዓይነቶች ተሰብስበው ጎን ለጎን ተተከሉ። የትኛው ብዙ ያፈራል? የትኛው ተባይ ይችላል? የትኛው ይበልጥ ይገድላል? ከሁሉ የተመረጠው 44 ቁጥር ሆነ፤ በሳይንሱ ዓለም ኢ-44 ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው። ጀግና አይመስልም፣ ስሙም የአውቶቡስ መስመር ይመስላል። ግን እኔን ብትጠይቁኝ የዚህ ታሪክ ዝምተኛ ጀግና ለገሰ ናቸው። ግኝት አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ችግኝ ግን በየዓመቱ ውሃ ይፈልጋል።

ወደ ኬሚስትሪው ልመለስ። እንዶድ ውስጥ የሚገድለው ምንድን ነው? በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ከአክሊሉ ጋር ሆኖ ይህን ፈተሸ። በቡታኖል ሲወጣ ኃይሉ ብዙ እጥፍ ጨመረ። የተለየውም ንጥረ ነገር በአክሊሉ አባት ስም «ለማቶክሲን» ተባለ። ሳፖኒን ከሚባሉት ወገን ነው፣ አረፋ ከሚያወጡት።

ግን አንድ እንቆቅልሽ ነበረ። ኬሚስት ከተክል ውስጥ አንድን ነገር ማውጣት ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ማሟሚያ ሜታኖል ነው። እንዶድን በሜታኖል ሲያወጡት ብዙም የማይገድል ነገር ያገኛሉ። በተራ ውሃ ሲያወጡት ይገድላል። ያው ፍሬ፣ ያው ቀንድ አውጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በስዊዘርላንድ ሎዛን ዩኒቨርሲቲ የኩርት ሆስቴትማን ቡድን ነገሩን ፈታው።

ፍሬው ውስጥ ሳፖኒኑ ሁለት ሰንሰለት ስኳር ታጥቆ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ። በዚያ ሁኔታ ለቀንድ አውጣ ምንም አይደለም። ፍሬው ውስጥ ደግሞ፣ ከሳፖኒኑ ተለይቶ፣ ኢንዛይም አለ። ፍሬው ሲወቀጥ ግድግዳው ይፈርሳል። ውሃ ሲገባበት ሁለቱ ይገናኛሉ። ኢንዛይሙ ከሳፖኒኑ የአንዱን ጫፍ ስኳር ቆርጦ ይጥላል። ባለ አንድ ሰንሰለት ሆኖ የቀረው ሳፖኒን ነው ገዳዩ። ሜታኖል ግን ኢንዛይሙን ሥራ ያስፈታዋል፤ ሽማግሌው ዱላውን ሳያነሣ ከጨዋታው ይወጣል፣ ሳፖኒኑም ሁለት ሰንሰለቱን እንደታጠቀ ይወጣል።

እንግዲህ ያስቀመጥናቸውን አምስት መርሆዎች አምጡ። ጥሬ ዕቃ፦ በየዓመቱ የሚያፈራ ቁጥቋጦ። ማሟሚያ፦ ውሃ። ሙቀት፦ የክፍሉ። ካታሊስት፦ ፍሬው ራሱ ይዞት የመጣው ኢንዛይም። ፍጻሜ፦ በአንድ ሁለት ቀን መፍረስ። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት በማይታወቅ ዘመን ሙቀጫ፣ እንስራና ቀዝቃዛ ውሃ ይህን ሁሉ ሲሠሩ ኖረዋል። «ይስከን እንጂ» ማለት ለካ «ኢንዛይሙ ሥራውን ይጨርስ» ማለት ነው። (አያቴ ይህን ስነግራት ምን አለች መሰላችሁ? «ታዲያ እኔ ምን አልኩሽ!»)

ቀልዱ ይቆየንና፣ ነገሩ ከባድ ትርጉም አለው። አገር በቀል ዕውቀት ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ጥሬ ዕቃውን ነው። ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ ፍሬውን። «ተክሉ የእነሱ፣ ሳይንሱ የእኛ» የሚል የሥራ ክፍፍል አለ። እንዶድ ይህን ክፍፍል ያፈርሰዋል፤ ምክንያቱም አጣቢዎቹ የያዙት ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ሂደቱንም ነው። ፍሬውን ወስዶ አሠራሩን የተወ ኬሚስት የማይሠራ ነገር ያገኛል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ እንዶድ ለምን በየወንዙ ዳር የለም?

መልሱ ከቀንድ አውጣ ይልቅ ስለ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የቀንድ አውጣ ማጥፊያ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ቤይሉሳይድ ነበር። ይሠራል፤ ግን ውድ ነው፣ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። እንዶድ ተወዳዳሪ ሆኖ ሲመጣ የተጠየቀው ጥያቄ በራሱ ትክክል ነው። ለሰው፣ ለከብት፣ ለአካባቢ መርዝነቱ ምን ያህል ነው? ሕፃናት በሚጠጡት ውሃ ውስጥ ለሚጨመር ነገር ይህን የማይጠይቅ ተቋም ቢኖር እኔው እወቅሰው ነበር። ችግሩ ማን ሲመልሰው ይታመናል የሚለው ላይ ነው። ጥናቱ «ጥሩ የላቦራቶሪ አሠራር» በሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ በተመሰከረለት ላቦራቶሪ መሠራት ነበረበት። ይህ መመዘኛ የወጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ማለትም የአድዋው ጥናት ካለቀ በኋላ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ አልነበረም። ለማሠራት ደግሞ አንድ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከኪሱ የማያወጣው ገንዘብ ያስፈልጋል። ኩባንያ አይከፍልም፤ በየአጥሩ ከሚበቅል ነገር ምን ያተርፋል?

ዓመታት ሄዱ። በ1983 ሉሳካ ላይ፣ በ1986 ስዋዚላንድ ላይ ተመራማሪዎች በእንዶድ ጉዳይ ተሰበሰቡ። በመጨረሻ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘቡን ሰጠ፣ በኦታዋ የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ጆን ላምበርት ሥራውን አስተባበሩ። የመርዝነት ምርመራው በመመዘኛው መሠረት ተሠራ። ዓይንን ክፉኛ እንደሚቆጠቁጥ ታወቀ፤ ስለዚህ የሚወቅጠውና የሚረጨው ሰው መጠንቀቅ አለበት። (እንዶድ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሰው ይህን ለማወቅ ካናዳ መሄድ አያስፈልገውም።)

በ1989 አክሊሉና ለገሰ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ስቶክሆልም ላይ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሌላው ኢትዮጵያዊ፣ የዘረ መል ባንኩ መላኩ ወረደ፣ ይህንኑ ሽልማት አግኝተዋል። አንድ ዓመት፣ አንድ መድረክ፣ ሦስት ኢትዮጵያውያን፤ ሦስቱም ስለ ዕፅዋት። ይህን በትምህርት ቤት የነገረን ሰው አለ? አክሊሉ በዚያ አጋጣሚ ያነሡት ቅሬታ፣ በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተሠራ ሳይንስ በሌላው ዓለም በቀላሉ አይታመንም የሚል ነበር። ሃያ አምስት ዓመት የጠበቀ ሰው ቅሬታ ነው።

ፓተንቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ ማስል የሚባል ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ ከአውሮፓ መጥቶ ተራባ። የውሃና የኃይል ማመንጫ ቧንቧዎችን ይደፍናል። አክሊሉ በ1990 ኦሃዮ ውስጥ ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ይህን ሰሙ። ቀንድ አውጣን የሚገድል ዘመዱን ለምን አይገድልም? ተሞከረ፣ ሠራ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው እንዶድን ለዚህ አገልግሎት በፓተንት አስመዘገበ። ከፈልሳፊዎቹ ስም ውስጥ አክሊሉ አሉ፤ ባለቤቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። እዚህ ላይ «ተዘረፍን» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፣ የዘመኑ ተሟጋቾችም ጮኸዋል። እኔ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ለአድዋ ሕፃናት ሲሆን እንዶድ ሃያ ዓመት «ይጣራ» ተባለ። የአሜሪካ ቧንቧ ሲደፈን ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ፓተንት ወጣለት።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። በ1992 የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያም በእኛው አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚገዛ ዐዋጅ ቁጥር 482 አወጣች። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ ያደረገውን የሆላንዱን የጤፍ ፓተንት ያስታወሰ ሰው፣ እንዶድ ከጤፍ በፊት በዚያው መንገድ እንዳለፈ ይወቅልኝ። አክሊሉ ይህን አላዩም፤ በ1997 አርፈዋል።

እንግዲህ ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ እንዳልኳችሁ።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ብርድ ቢልሃርዚያ የሚያሸጋግረው ቀንድ አውጣ አይመቸውም፤ በአገራችን በሽታው ከ2200 ሜትር በላይ ብዙም አይታይም። እንዶድ ግን እዚህ ደጋ ላይ ይመቸዋል። ከ4100 ሜትር በላይ ከሚቆመው ጉና ተራራ ርብና ጉማራ ይነሣሉ። እየወረዱ፣ እየሞቁ፣ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ፎገራ ሜዳ ይደርሳሉ፣ ጣና ይገባሉ። ፎገራ ላይ ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ ተስፋፍቷል፣ መስኖ ተስፋፍቷል። ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚውል ገበሬ፣ ቦይ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ፣ ቀንድ አውጣ የሚወደው ቀስ ያለ ውሃ፤ ሁሉም አሉ። ቢልሃርዚያም አለ። ማለትም በደቡብ ጎንደር አንድ ዞን ውስጥ መድኃኒቱ ከላይ፣ በሽታው ከታች ነው፤ መሀላቸው ላይ ወንዝ አለ።

«እንግዲያው እንጨምርበታ!» እንዳትሉ። ሁለት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ ፕራዚኳንቴል የሚባል ፍቱን ክኒን አለ። በትምህርት ቤቶች በነፃ ይታደላል፤ አምራቹ የጀርመኑ መርክ ከ2007 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ይለግሳል። ዓለም ፊቱን ከቀንድ አውጣ ወደ ክኒን ያዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልክም ነበር። ነገር ግን ክኒኑ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ልጁ ነገ እዚያው ቦይ ውስጥ ሲገባ አይጠብቀውም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2022 ባወጣው መመሪያ ቀንድ አውጣን መቆጣጠርን ከክኒኑ ጎን አስቀምጦታል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ዓሣ። ሳፖኒን ቀንድ አውጣ ብቻ መርጦ አይገድልም፣ ዓሣም ይገድላል። ጉማራና ርብ ደግሞ ተራ ወንዞች አይደሉም። በዓለም ላይ ጣና ብቻ ከሚገኙት የዓሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ በክረምት ሽቅብ ወጥተው የሚራቡባቸው ናቸው። ዓሣ አጥማጆች የብርብራ ፍሬ ውሃ ውስጥ እየበተኑ በማጥመዳቸው እነዚህ ዝርያዎች ድሮም ተጎድተዋል። ስለዚህ እንዶድ ፎገራ ላይ ቢሞከር፣ በየትኛው ቦይ፣ በየትኛው ወር፣ በምን መጠን የሚሉት ጥያቄዎች አድዋ ላይ ከነበሩት ይከብዳሉ።

ደብረ ታቦር ዛሬ ጋፋት ብቻ ሳትሆን ዩኒቨርሲቲም ያላት ከተማ ናት። ከላይ ያሉት ጥያቄዎች ሚሊዮን ዶላር መሣሪያ አይጠይቁም። ከጉና ሥር የተለቀመ ፍሬ፣ ከፎገራ ቦይ የተለቀመ ቀንድ አውጣ፣ ከጉማራ የተያዘ የዓሣ ጫጩት፣ ሚዛን፣ ሰዓት፣ ገንዳ። ሙቀጫው ከየቤቱ ይገኛል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ከተበጠበጠ በኋላ ትንሽ ይስከን።